ራቤል ላይ የትኛው ቤዝ ጊታር ያዋጣል?

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከራቤል ደወለልኝ። «ጋሼ፣ በጎቼን ሸጫለሁ፤ ቤዝ ልገዛ ነው። የትኛውን ልያዝ?»

ስልኩ ላይ አፍጥጦ የከረመው ፎደራ ላይ ነው። ብሩክሊን፣ ኒውዮርክ ውስጥ በእጅ የሚሠራ፣ ቪክቶር ውተን የሚጫወትበት፣ ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር የሆነ ቤዝ! የግሼ በግ ሁሉ ገበያ ቢወጣ እንኳ... ብዬ ሳቄን ዋጥኩት። ልጁ ያለው ብር ያ ብቻ ነው፤ ከተሳሳተ ሌላ የሚሸጥ በግ የለውም።

በትዕዛዝ የሚሠራ ነገር ያጓጓል። ካሊፎርኒያ ያለው ኪዝል በቀጥታ ለደንበኛው ነው የሚሸጠው፤ እንጨቱን፣ ቀለሙን፣ የክሩን ብዛት አንተ ትመርጣለህ። ዋጋው ግን ከ1000 ዶላር በላይ ነው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር። ደግሞ ጀማሪ እጁ ምን እንደሚወድ ገና አያውቅም። ሳያውቅ ምን ብሎ ያዛል?

ስለዚህ ወደ ርካሾቹ እንውረድ። ስኳየር የፌንደር ታናሽ ወንድም ነው፤ ቅርጹ ሊዮ ፌንደር በ1951 ካወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ የመጣ ነው። ያማሃ እና አይባኔዝም በዚሁ ተርታ አሉ። ትንሽ ከፍ ካልክ ከማርከስ ሚለር ጋር የሚሠራው ሳየር አለ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ለዋጋው ብዙ የሚሰጠው እሱ ነው።

ግን ለራቤል ከስሙ በላይ የሚያሳስበኝ ባትሪው ነው። አክቲቭ የሚባሉት ቤዞች ውስጣቸው ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለ። ሲያልቅ ብዙዎቹ ጭጭ ይላሉ፤ ያውም ሠርግ መሃል! ይህ ባትሪ እንደ ድንጋይ ባትሪ በየሱቁ አይደረደርም። እንደ ያማሃ ትአርቢኤክስ 174 ያለው ፓሲቭ ቤዝ ግን ባትሪ አያውቅም። ለልጁ የመረጥኩለትም እሱን ነው።

ክሩስ? አራት ይበቃል። ጆቫኒ ሪኮ በሮሃ ባንድ፣ መላከ ገብሬ በዋልያስ ባንድ የተጫወቱትን ስማ። ቺክቺካውን ከድራሙ ጋር አጥብቆ መያዝ ነው ሥራው፤ አምስተኛው ክር ይቆይህ አልኩት።

የተረፈውን ብር ለትርፍ ክርና ለማስተካከያ አስቀምጥ። የአንገቱ እንጨት በብርድና በደረቅ አየር ይጎብጣል፤ ውስጡ ያለውን ብረት በቁልፍ ጥቂት ማዞር ነው መድኃኒቱ። በደንብ የተስተካከለ ርካሽ ቤዝ ካልተስተካከለ ውድ ቤዝ ይሻላል። ይህን የማውቀው ከራሴ ኪሳራ ነው፤ የመጀመሪያ ቤዜን ክሩ ከአንገቱ ጣት የሚያስገባ ያህል ርቆ ስድስት ወር ታግዬበታለሁ።

«እሺ ጋሼ፣ በትዕዛዝ የሚባለው ነገር ለእኛ አይሆንም ማለት ነው?» አለኝ ቅር ብሎት።

ይሆናል እንጂ! ቤዝ ክራርስ? የባህል ባንዶች የሚጫወቱበት፣ ሳጥኑ ትልቅ፣ ክሩ ወፍራም፣ ከአምፕ ጋር የሚሰካው። ሠሪው ፊት ቁጭ ብለህ፣ ለቁመትህና ለእጅህ ታሠራዋለህ። ችግሩ፣ ክራር ላይ አንዱ ክር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው። ዘፋኙ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲዞር መቃኘት አለብህ፤ ጊታሩ ላይ ጣትህን ማንሸራተት ብቻ ነው። የምትጫወተው ከባህል ቡድን ጋር ከሆነ ግን ክራሩ ይቅደም አልኩት።

ትናንት በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ጥቁር ያማሃ፣ ባለ አራት ክር። ከሥሩ «ጋሼ፣ ክራሩን ደግሞ ለፋሲካ በጎቹ ሲወልዱ» ብሎ ጽፏል።