ያገለገለ የናፍጣ መኪና ሳይገዙ ተርቦውን ስለ መመርመር

በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ መካከል ባለው ደጋ የሚኖር ቤተ ሰብ የጭነት መኪና የሚገዛው በትርፍ ገንዘብ አይደለም፤ ከብቱን ሽጦ፥ የእመቤቲቱን ጌጥ ጨምሮ፥ ከዘመድም ተበድሮ ነው እንጂ። ስለዚህ ነገሩ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የሚስቱና የልጆቹም ጉዳይ ነውና በዚህ ገጽ ልንጽፍበት ወደድን።

ገዢ ቀለሙን ያያል፤ ጎማውን በእግሩ ይመታል፤ ሊብሬውን ያነባል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ለጉና አገር ከሁሉ የሚበልጠው ከሞተሩ ጎን ተሸሽጎ ያለው ተርቦ ነው። ናፍጣ ያለ አየር አይነድም፤ ደብረ ታቦርም ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኀይል አንድ መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለው መዘውር ደግሞ አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ ይሰዳል። የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በ1898 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበት ብልሃት ይህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ በሰው ክንድ ማስጐተታቸውን የሚያስብ ሰው፥ በዚህ አገር ዳገት ጉልበት ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ምርመራው ሞተሩ ሳይሞቅ ይጀመር። ብልጥ ደላላ ገዢው ሳይደርስ ሞተሩን አሙቆ ይጠብቃልና አስቀድሞ እጅን በሞተሩ ላይ ማሳረፍ ይገባል፤ ሙቅ ከሆነ «ነገ በማለዳ እንመጣለን» ብሎ መመለስ ነውር አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መካኒኩ ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ቱቦ ፈትቶ መዘውሩን በመብራት ይመልከት። የክንፎቹ ጫፍ ተሸርፎ እንደ ሆነ ጠጣር ነገር ገብቶበታል። ተሞርደው ሳስተው እንደ ሆነ ግን በተቀደደ ማጣሪያ አቧራ ሲገባ ኖሯል ማለት ነው፤ ያም አቧራ በተርቦው ብቻ አይቆምም፥ ሲሊንደሩንም ይፍቃል። ከዚያ ዘንጉን በጣት ይዞ መወዝወዝ ነው። ወደ ጎን ጥቂት ቢነቃነቅ አሠራሩ ነውና አያስደነግጥም፤ ክንፉ ግን ግድግዳውን ሊነካ አይገባም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፉት በጣት የሚታወቅ ከሆነ ተርቦው አልቋል። በቱቦው ስስ የዘይት ወዝ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ዘይት ተጠራቅሞ ቢገኝ ግን መጠርጠር ይገባል። የባሰ እንደ ሆነ ናፍጣ ሞተር ያንኑ ዘይት እንደ ነዳጅ እያነደደ በቁልፍ አልጠፋ ብሎ እስኪሰበር ይሮጣል።

ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ከሠራ በኋላ ነዳጅ ሲሰጡት ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ ዘይት እየነደደ ነው። ቀጭን ፉጨት የተርቦ ጠባይ ነው፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ጩኸት ግን ሌላ ነው።

በፎገራ ሜዳ ላይ ባዶ መኪና ሁሉ ጀግና ነው። ስለዚህ ጭነት አስጭኖ ከወረታ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ማውጣት ይሻላል። በዳገቱ ጥቁር ጭስ እያበዛ የሚደክም መኪና አየር አንሶታል፤ አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የተሰነጠቀ ቱቦ ብቻ ነውና ሳይጣራ ዋጋ አይቈረጥ። ሻጩ ይህን መንገድ የማይፈቅድ ከሆነ እኛ ብንሆን ገንዘባችንን ይዘን እንመለስ ነበር።

«ተርቦው አዲስ ነው» የሚል ሻጭም አሮጌው በምን እንደ ሞተ ይጠየቅ። የዘይቱ መተላለፊያ በቆሻሻ ተደፍኖ ከቀረ አዲሱም በቅርቡ ይከተለዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ መካኒኩ ያየው ሁሉ ከውሉ ጋር በጽሑፍ ይያያዝ፤ እመቤቲቱም ቀብዱ ሳይሰጥ ታንብበው።