አዋላጅ ያልደረሰላት እናት

ከምዕራብ ሐረርጌዋ ጭሮ ዋናውን አስፋልት ትቶ በበዴሳ አድርጎ ወደ ገለምሶና ወደ መቻራ የሚዘልቅ መንገደኛ ጫቱንና ቡናውን፣ ገደሉንና ተዳፋቱን እያየ ያልፋል። ከዚያ ተዳፋት ላይ ምጥ የጠናባት ሴት ወደ መኪና መንገድ የምትወርደው በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ ነው። አንዳንዷ ሳትደርስ ይመሽባታል፤ ይነጋባታልም።

ምጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን የሽንት ፊኛ ከዳሌዋ አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እርሷም ሽንቷን መያዝ ተስኗት ከሰው ትርቃለች። ፊስቱላ ይህ ነው። እርግማን አይደለም፤ አዋላጅና መንገድ ማጣት ያመጣው ጉዳት ነው።

ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከአውስትራሊያ ሲመጡ የፈረሙት የሦስት ዓመት ውል ነበር፤ ሥራቸውም በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ማስተማር። ክርስትናቸውን በሥራ የኖሩ ሰዎች ነበሩና ውሉ ሲያልቅ አልሄዱም። በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሕክምናው በነፃ ነው፤ እስካሁንም በሆስፒታሉና በቅርንጫፎቹ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል። ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ ድረስ ኑሯቸው እዚሁ ነበር።

ለጭሮ ሴት አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2009 ሐረር ላይ የሃምሊን ማዕከል ሲከፈት ርቀቱ ወደ 200 ወረደ። አብዛኛው የምዕራብ ሐረርጌ ገጠር ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ታካሚዋ ግን የምትታከመው ሃይማኖቷ ሳይጠየቅ ነው። ሐረርጌ ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ እጅ አይታለች፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በጀርመኖች ርዳታ በ1958 የተመሠረተው ቢሲዲሞ ዛሬም ሆስፒታል ነው።

እኔ ግን ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የማደንቀው በ2007 የተከፈተውን የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ነው። ሴት ልጆችን ከገጠር መልምሎ፣ በዲግሪ አስመርቆ፣ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይመልሳል። የሜኖናይት ሚስዮናውያንም በ1946 ናዝሬት ላይ በከፈቱት የኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል ድሬሰሮችን (የጤና ረዳቶችን) አሠልጥነው ነበር። ሆስፒታሉን ደርግ ወረሰው፤ ሙያውን ግን ከሰዎቹ እጅ ማንም አልወሰደም። የውጭ ርዳታ ይመጣል፣ ይቋረጣልም። የሠለጠነች የአገር ልጅ ግን የወላዷን ቋንቋ ታውቃለች፤ የምትወልደውም የምታዋልደውም በዚያው መንደር ነው።

ስለዚህ ከምዕራብ ሐረርጌ ዞን ጤና ኃላፊዎች የሚጠበቀው ግልጽ ነው፦ ለአዋላጇ ማደሪያ ቤት፣ መብራትና ውኃ፣ ነዳጅ ያለው አምቡላንስ። ከቤተሰብ፣ ከኢማሞችና ከካህናት የሚጠበቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ነፍሰ ጡሯን ቀኗ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ አድርሷት። ሽንቷ እያመለጣት ቤት የተደበቀች ሴት ካለችም ንገሯት፤ ሕመሟ ይታከማል፣ ሐረር ላይም ክፍያ የለውም።