ነዳፊና ሐናፂ

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ በጥቂት አሥርት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚጥል፣ ማለዳ በጉም ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ ቀትር ላይ በይፋት ቆላ የሸሚዙን ቁልፍ እየፈታ ጥላ ይፈልጋል። በግንባታ ተቆጣጣሪነት በዚህ መንገድ ስመላለስ የማየው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግን ብዙውን ጊዜ ላይም ታችም አንድ ነው፤ ያው ብሎኬት፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው መስኮት። ለደጋው ይበርዳል፤ ለቆላው ይግላል፤ ተዳፋቱማ ጨርሶ አልታሰበም።

ይህ ከነዳፊው ስንፍና የመጣ አይመስለኝም፤ ከትምህርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት የተመሠረተውና ሰው እስከ ዛሬ «ሕንፃ ኮሌጅ» የሚለው ተቋም ለአገሪቱ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። ወደ ድኅረ ምረቃ ስንወጣ ግን ንድፍ በአንድ ክፍል፣ የግንባታ አስተዳደር በሌላ ክፍል ይሰጥና፣ አንዱ የሌላውን ሥራ በዝና ብቻ እያወቀ ማዕርጉን ይቀበላል። በኦሪት ዘጸአት ስለ ደብተራ ኦሪት የተጻፈውን ያነበበ ሰው፣ ባስልኤል በጥበብ መንፈስ የተመላው ለመንደፍ ብቻ ሳይሆን ዕንቍ ለመቅረጽ፣ እንጨት ለመጥረብ፣ ይህንንም ለሌላው ለማስተማር እንደ ነበረ ያስታውሳል፤ ሦስቱ ጸጋዎች በአንድ ሰው ላይ አደሩ እንጂ በሦስት ዲፕሎማ አልተከፈሉም።

ንድፍንና ግንባታን የማጋባት ሙከራ በአገራችን አልጠፋም። ይኸው ተቋም በኋላ በተሰጠው ስሙ፣ የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር፣ ጣራው ከአፈር ጡብ ቀስት የሆነ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት በአዲስ አበባ አሠርቷል። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የድኅረ ምረቃ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ዓመታቸው የነደፉትን ሕንፃ በገዛ እጃቸው እንዲያቆሙ ያደርጋል። እኔ ለዚህ ለኛ ተዳፋት የምመኘው ትምህርት ከዚህ በአንድ ነገር ይጠብቃል፤ ተማሪው ከሠራው ሥራ ጋር አንድ ክረምት ሙሉ ይቀመጥ።

ምክንያቱን የድጋፍ ግንብ ይናገራል። በወረቀት ላይ ውፍረቱም ቁመቱም የውኃ ማስተንፈሻ ቧንቧውም በልኩ ተሥሏል። ውኃው ወደ ቧንቧው ይደርስ ዘንድ ግን ከግንቡ ኋላ ንጹሕ ጠጠርና ድንጋይ መሞላት አለበት፤ ይህ ሥራ ደግሞ ማንም በማያየው ቦታና ሰዓት የሚከናወን ስለ ሆነ፣ ከቁፋሮ የወጣው ጭቃ ተመልሶ ይገባና ቧንቧው ይደፈናል። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ ሥዕሉን ሳይሆን ጉድጓዱን አይተው «ኢንጂነር፣ ይህ ጭቃ ከገባበት በነሐሴ ሆዱን ያወጣል» ብለውኛል፤ የተናገሩትም በጥር ነበር። ነገሩ የአንድ ግንብ ብቻ አይደለም፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በዚሁ በደብረ ሲና አካባቢ፣ በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ መሬቱ ከነቤቱና ከነእርሻው ተንሸራቶ ሺዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። እንዲህ ያለውን ተራራ የድጋፍ ግንብ እንደማያቆመው ግልጽ ነው፤ ቤት የማይሠራበትን ቦታ ለይቶ ማወቅም ከንድፍ ሙያ ይቆጠራል፤ ይህም ውኃው የሚወጣበትን ምንጭ በእግር ተከትሎ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

የድኅረ ምረቃው ሁለት ዓመት ለዚህ አይበቃም፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል የሚሉ መምህራን አሉ፤ ትክክል ናቸው፤ ስለዚህ ሕንፃው ትንሽ ይሁን፤ አንድ የመማሪያ ክፍል ወይም አንድ የገበያ ዳስ ይበቃል። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ተማሪ በነፃ ድንጋይ ሲያነሣ የቀን ሠራተኛው እንጀራውን እንዳያጣ፣ ግንበኛው በሙሉ ደመወዝ አለቃ ሆኖ ተማሪው በሥሩ ይቀጠር። በመጨረሻው ፈተና ዕለትም እኒያ ሽማግሌ ከፕሮፌሰሩ ጎን ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ቱንቢያቸውን ይዘው ማርክ ይስጡ። የዩኒቨርሲቲው ሕግ ዲግሪ የሌለው ሰው የዲግሪ ፈታኝ እንዲሆን አይፈቅድ ይሆናል፤ እኔ ግን ተማሪ ብሆን ይበልጥ የምፈራው እሳቸውን ነው።