ኮምፒዩተሮች መልእክት የሚለዋወጡበት የመንገድ ሥርዓት

ብዙ ሠራተኛ በአንድነት ሲሰበሰብ ሥራው ይፋጠናል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን እርስ በርሳቸው የሚቀባበሉበት ሥርዓት ከሌላቸው ብዛታቸው ረዳት መሆኑ ቀርቶ እንቅፋት ይሆናል። ይህ በሰው ዘንድ የታወቀው ነገር በኮምፒዩተርም ዘንድ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ቻርልስ ሳይትዝና የሥራ ጓደኞቻቸው «ኮስሚክ ኪዩብ» የተባለውን መሣሪያ በ1983 እ.ኤ.አ. ሥራ አስጀመሩ። ይኸውም 64 ትናንሽ ኮምፒዩተሮች በሽቦ ተያይዘው አንድን ከባድ ሒሳብ ተካፍለው የሚሠሩበት ነበር። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በቀጥታ የተገናኘው ከ6 ጎረቤቶቹ ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ለሩቁ የሚላከው መልእክት በመካከል ያሉት እየተቀባበሉት መድረስ ነበረበት።

ታዲያ እንዲህ ባለው መረብ ውስጥ ትልቁ አደጋ የመንገዱ መርዘም አይደለም፤ መቆላለፍ ነው። ከአራት አቅጣጫ መጥተው መስቀለኛ መንገድ ውስጥ የገቡ አራት መኪኖች እያንዳንዳቸው የፊተኛው እስኪለቅላቸው ቢጠብቁ፣ አራቱም እዚያው ቆመው ይቀራሉ። መልእክቶችም የያዙትን ቦታ ሳይለቁ የሚቀጥለውን ሲጠብቁ ክብ ሠርተው ከተያያዙ፣ ማንም ሳያጠፋ መሣሪያው በሙሉ ይቆማል።

የመፍትሔው መሠረት ቀላል ሕግ ነው። ኮምፒዩተሮቹ እንደ ከተማ መንገድ በአራት ማዕዘን ተዘርግተዋል እንበል። ማንኛውም መልእክት አስቀድሞ የምሥራቅና የምዕራቡን ጉዞ ይጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይታጠፍ። ክብ እንዲገጥም ከሰሜን ደቡቡ መንገድ ወደ ምሥራቅ ምዕራቡ የሚመለስ መኖሩ ግድ ነው። ሕጉ ይህን መታጠፊያ ስለሚከለክል ክቡ ከቶ አይገጥምም።

ሕጉ ቀላል በመሆኑ ሌላም ጥቅም ተገኘበት። ቀድሞ በመካከል ያለው ኮምፒዩተር የራሱን ሒሳብ አቋርጦ መልእክቱን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ እንደገና ይልከው ነበር። ዊልያም ዳሊና ሳይትዝ ግን በ1986 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሥራ ለብቻው የሚያከናውን ቺፕ ሠርተው አቀረቡ። ቺፑ የመልእክቱን ራስ አይቶ፣ አድራሻውን አመዛዝኖ፣ የቀረው አካል እስኪደርስ ሳይጠብቅ ወዲያው ያሳልፈዋል። መልእክቱም እንደ ትል እየተሳበ ያልፋል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መልእክት መንገድ ሲዘጋበት አካሉ የተዘረጋበትን መንገድ ሁሉ ይዞ ይቆማል። በተጨማሪም ቺፑ የተሠራለት መረብ የየረድፉ ጫፍና ጫፍ የተገናኘበት ስለሆነ፣ ረድፉ ራሱ ክብ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሊቃውንት ለአንዱ ሽቦ ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች አበጁለት። መልእክቱ የተወሰነችውን ነጥብ ሲያልፍ ከአንደኛው ማረፊያ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። በዚህም ክቡ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ መጨረሻ ያለው ሆነ። ይህ መንገድ እንደማይቆላለፍም በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ አረጋገጡ።

የቀረው ችግር ሕጉ ግትር መሆኑ ነበር። የታዘዘው መንገድ ቢጨናነቅና የጎረቤቱ ባዶ ቢሆን እንኳ መልእክቱ ወረፋውን ይጠብቃል። ስፔናዊው ሊቅ ሆሴ ዱዋቶ ግን በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሥርዓቱን አጥብቆ የሚጠብቅ አንድ ማምለጫ መንገድ ምንጊዜም ክፍት ከሆነ መልእክቶች በሌሎቹ መንገዶች እንደ ወደዱ ሊመርጡ እንደሚችሉ አስረዱ። በ2005 እ.ኤ.አ. 65,536 ክፍሎች ይዞ የተሟላው የአይ ቢ ኤም «ብሉ ጂን ኤል» ነጻ መንገዶችን ከማምለጫ መንገድ ጋር አጣምሮ ሠርቷል።

እንግዲህ የእነዚህ መሣሪያዎች ኃይል በፍጥነታቸው ብቻ የሚለካ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩት ክፍሎች በነጻነት የሚተላለፉት፣ ሁሉም የሚያከብረው አንድ ቀጥተኛ መንገድ ከበስተኋላቸው ስለተጠበቀላቸው ነው።