ተጨማሪ መረጃ፦ ከጀርም የጸዳ፣ ከኬሚካል ያልጸዳ

የመንዟ መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚያ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ እሳቱን ቢያነዱበት ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ የሕክምና መሣሪያን ቀቅሎ ማጽዳት በደጋው ይበልጥ አያስተማምንም። በእንፋሎት ግፊት የሚሠራው አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ ይደርሳል። ይህን ሙቀት የማይችሉ የፕላስቲክ ዕቃዎች ግን ለኬሚካል ይተዋሉ።

ችግሩ፣ ኬሚካሉ ጀርሙን ከገደለ በኋላም እዚያው መቆየቱ ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን ያገለገለ መሣሪያ ከመታጠቡ በፊት ለ10 ደቂቃ የሚነከርበት 0.5 በመቶ የክሎሪን ውህድ (5 በመቶ በረኪና 1 እጅ፣ ውሃ 9 እጅ) እንኳ ቆዳ ይቆጠቁጣል። ከሱ የሚከፋው 2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ነው፦ ዕቃው በደንብ ካልተለቀለቀ ቅሪቱ ቆዳን ያቀላል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ በአንጀት መመርመሪያ ቱቦ ላይ ሲቀርም የአንጀትን ውስጠኛ ግድግዳ ያቆስላል። በትልልቅ ፋብሪካዎች ዕቃን ከጀርም ለማጽዳት የሚሠራበት ኤቲሊን ኦክሳይድ ደግሞ ጋዝ ነው። ብረት አይመጠውም፤ ላስቲክና ፕላስቲክ ውስጥ ግን ሰርጎ ስለሚገባ ዕቃው በሞቀ አየር ለሰዓታት መናፈስ አለበት።

እንዲህ ያለውን ጉዳት ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ማለፍ ይቀናል። መቅላቱ ለታካሚው የተደረገለትን የመተንፈሻ ጭምብል ጠርዝ ወይም የቱቦ መስመር ተከትሎ ከወጣ ግን፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ዕቃው በምን እንደጸዳና እንዴት እንደተለቀለቀ መጠየቅ ይገባል።