ቀይ ሥር ለጓሮ፦ ሥሩም ቅጠሉም ለድስት

በሐምሌና በነሐሴ የጎተራው እህል ሲመናመንና አዲሱ አዝመራ ገና በማሳ ላይ ሳለ፣ በጓሮ ውስጥ ለድስት የሚሆን ነገር መኖር አለመኖሩ የቤተሰቡን ጤና የሚነካ ጉዳይ መሆኑን የማኅበር መሪ ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ችግር ጎመን የቆየ አጋዥ ነው። በሁለት ወር ገደማ የሚደርሰው ቀይ ሥር ግን ብዙውን ጊዜ ለገበያ ብቻ የሚፈለግ ሆኖ፣ ቅጠሉም ተቆርጦ ሲጣል ይታያል። ይህም ከአንድ ተክል የሚገኘውን ምግብ በከፊል መጣል ማለት ነው።

ቀይ ሥርና ቆስጣ በዘራቸው አንድ ናቸው። አንዱ ለሥሩ፣ ሌላው ለቅጠሉ ተመርጠው የተለያዩ እንጂ የአንድ ተክል ልጆች ናቸው። ስለዚህ የቀይ ሥር ቅጠል እንደ ቆስጣ የሚበላ ጎመን ነው።

ስሙ ቀይ ይባል እንጂ ወርቅ የመሰለ ቢጫ ዓይነትም አለው። ቢጫው ጣዕሙ ለስለስ ያለ ሲሆን እጅንም ሆነ አብሮት የተቀቀለውን ድንች አያቀላም። ነገር ግን አበቃቀሉ ከቀዩ ደከም ስለሚል ዘሩን ጠቅጠቅ አድርጎ መዝራት ያስፈልጋል።

አዘራሩ

ቀይ ሥር ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል። አፈሩ የለሰለሰ፣ ውሃ የማይተኛበት መሆን አለበት፤ በክረምት መደቡን ከፍ ማድረግ ይገባል። አሲዳማ አፈር አይወድም። ያልበሰለ ፍግ ሥሩን ስለሚያጣምመው በሚገባ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት መጠቀም ይሻላል።

ዘሩ ለአንድ ሌሊት በውሃ ተነክሮ ካደረ በኋላ በ2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራል። በመስመርና በመስመር መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። አንድ ፍሬ ዘር የሚመስለው ነገር በውስጡ ከሁለት እስከ አራት ዘሮች ስለሚይዝ ቡቃያው ተጠጋግቶ ይወጣል። በመሆኑም በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ብርቱ ቡቃያ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ማሳሳት የግድ ነው። ሳይሳሳ የቀረ መደብ ቅጠል እንጂ ሥር አይሰጥም። የተነቀለው ቡቃያም ለድስት ይሆናል።

1 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ መደብ በአራት መስመር 120 ያህል ተክል ይይዛል። ለአንድ ማዕድ አራት ሥር የሚበቃው ቤተሰብ ከዚህ የ30 ቀን ወጥ ያገኛል ማለት ነው። ግማሹን መደብ አስቀድሞ፣ ቀሪውን ከሦስት ሳምንት በኋላ መዝራት ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይደርስ ይረዳል። ተክሉ ሳይነቀል ከውጭ በኩል ጥቂት ጥቂት ቅጠል መቅጠፍ ይቻላል፤ አብዝቶ መቅጠፍ ግን ሥሩን ያቀጭጫል። ሥሩ ከመጠን በላይ ሳይወፍርና ሳይጠነክር መነቀል አለበት።

አበሳሰሉ

ቅጠሉ ሁለት ጣት ያህል አገዳ አስቀርቶ ይቆረጣል፤ የሥሩ ጭራና ልጣጩ አይነካም። አለዚያ ቀለሙና ጣዕሙ በውሃው ያልቃል። ታጥቦ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቀቀላል። ሲበርድ ልጣጩ በእጅ ይላቀቃል። ከዚያም ተከትፎ ከድንች ጋር፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በቃሪያ ይሠራል፤ ለጾም በያይነቱም ይስማማል። ለቅጠሉ ደግሞ አስቀድሞ አገዳው፣ ቀጥሎ ለስላሳው ክፍል በቁሌት ላይ ይጨመራል።

ቀዩን የበላ ሰው ሽንቱ ቢቀላ መደንገጥ የለበትም፤ ከቀለሙ የመጣ ነው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ቅጠሉንም ሥሩንም ማብዛት የለበትም።

የመሪዎች ድርሻ

ቀይ ሥር በመጀመሪያው ዓመት ሥር እንጂ ዘር አይሰጥም፤ ለማበብም የብርድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ገበሬው በየጊዜው ዘር ገዢ ነው። በያለበት ተበታትኖ ጊዜው ያለፈበትን ዘር ከሚገዛ፣ ማኅበሩ በአንድነት ቢገዛና አስቀድሞ ቢፈትን ይጠቅማል። ፈተናው ቀላል ነው፦ 20 ፍሬ ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እርጥበቱን እየጠበቁ 10 ቀን ማቆየት ነው። ግማሹ እንኳ ካልበቀለ ያ ዘር ለአባላት መታደል የለበትም።

ከሁሉ በላይ ግን መሪው በራሱ ጓሮ አንድ መደብ ቢያዘጋጅ፣ በአጨዳውም ቀን ባለቤቱ ቅጠሉን ከነሥሩ ሠርታ ለጎረቤት ብታቀምስ፣ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያስተምራል። ቅጠሉ የሚበላ መሆኑን በአፉ ያረጋገጠ ጎረቤት ሁለተኛ አይጥለውም።