አጣጥና የካንሰር መድኃኒት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትጓዙ፣ በየገጠሩም አጣጥ የተባለውን እሾሃማ ቁጥቋጦ ሳታዩት አትቀሩም። በቅርቡ ጡቷ ላይ እብጠት የወጣባትን አንዲት እህት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሐኪም ሳታይ ወራት አልፈዋል፤ ቅጠልና ሥራሥር አፍልታ ትጠጣለች። «ፓስተር፣ ፈረንጆቹስ የካንሰር መድኃኒት ያገኙት ከእኛው አጣጥ አይደለም ወይ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው አልሰማችውም።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከየአገሩ ዕፅዋት እያስመጣ ሲፈትሽ፣ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ አንድ የአጣጥ ዓይነትም ነበረበት። ተክሉ ደርቆ ይፈጫል፣ በአልኮል ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ የወጣው ፈሳሽ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳትና በአይጦች ላይ ይሞከራል። ሕዋሳቱን ከገደለ ፈሳሹን ይከፋፍሉታል፤ የገደለውን ክፍል ለይተው ደግሞ ይከፋፍሉታል። እንዲህ እያሉ በ1972 ፕሮፌሰር ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የተገኘው 0.2 ሚሊግራም ገደማ ነው!

ሜይታንሲን ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የሚያስፈልጉትን ቀጫጭን ክሮች እንዳይሠሩ ያግዳል፤ ሕዋሱም መከፈል አቅቶት ይሞታል። ችግሩ ጤነኛውንም አይምርም። በ1970ዎቹ በሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ብርቱ ትውከት፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት አመጣ፤ ካንሰሩንም የታሰበውን ያህል አልቀነሰም። ሙከራው ቀረ። (በብርጭቆ ውስጥማ በረኪናም የካንሰር ሕዋስ ይገድላል።)

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊቃውንቱ የሜይታንሲንን ዘመድ አንቲቦዲ ከተባለ ፕሮቲን ጋር አጣበቁት። አንቲቦዲው ኸርቱ የተባለው ምልክት የበዛበትን የጡት ካንሰር ሕዋስ ፈልጎ ይይዛል፤ መርዙም በአብዛኛው የሚለቀቀው ሕዋሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ካድሳይላ የተባለው ይህ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2013 ነው። ለጡት ካንሰር ሁሉ ሳይሆን ኸርቱ ለበዛበት ዓይነት ብቻ ይሰጣል። መነሻው ንጥረ ነገርም ዛሬ የሚመረተው ከአጣጥ ሳይሆን ከባክቴሪያ ነው።

እንግዲህ በድስት የፈላ ቅጠል ይህን ሁሉ መንገድ አልሄደም። በስኒው ውስጥ ምን ያህል መርዝ እንዳለ የሚለካው የለም፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚመራውም የለም። እብጠቱ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ እህቶቼ፣ ጡታችሁ ላይ እብጠት ካገኛችሁ፣ ባያምም እንኳ፣ በዚያው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወይም በቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እየጸለይንላችሁ ሂዱ፤ የመጓጓዣ ካጠራችሁም ለሽማግሌዎች ንገሩ። ስትጠጡት የቆያችሁት ነገር ካለ ደግሞ ሳታፍሩ ለሐኪሙ አሳዩት፤ ከሚያዝላችሁ መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላልና።